አረር ሁለት ሐሳብ አይይዝም

የምሠራበት ሱቅ ሲዘጋ ይዤ የወጣሁት አንድ የኮክ ቆርቆሮ ነው። ድሮ ሳን ሆዜ የፍራፍሬ አገር በነበረች ጊዜ ከታሸጉት አንዱ ነው፤ አሁን ውስጡ ያለው ከአውሬ ገላ የወጣ አረር ነው። ጎረቤቴ አንድ ቀን ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ አይታው ምንድን ነው ብትለኝ፣ የሥራ ዘመኔ ነው አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ አጠር ብሏል።

ሥራዬ ጥይት መሸጥ ነበር። አበሻ ሲጠይቀኝ «ሱቅ ውስጥ ነኝ» ብዬ አልፈው ነበር፤ ጥይት ካልኩ ወይ ወንበዴ ወይ ጀግና ያደርጉኛል፣ እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። ደመወዙ ኪራይ ከፍሎ ለምስር ይተርፋል። ስለ ደመወዙ ይህ ይበቃል።

አሜሪካ ስገባ መጀመሪያ የሠራሁት ኦክላንድ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ላይ ነው። እዚያ ትንሽ መስኮት ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው እጅ ብቻ አይ ነበር፤ ቲኬት የሚያቀብል እጅ፣ መልስ የሚቀበል እጅ። ከዚያ ለኦክላንድ ቅርብ በሆነችው በካሊፎርኒያዋ ኒውአርክ አንድ መጋዘን ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን ሣጥን ሳነሳ ክብደቱን አውቄው ሳቅኩ፤ ጥይት ነበር። አገር ቤት በውትድርና ዘመኔ ሥራዬ የጥይት ግምጃ ቤት ነበር። ስቆጥር ኖርኩ እንጂ ተኩሼ የመታሁት ነገር የለም።

ሰይድን ያገኘሁት እዚያ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር እየጎተተ ያመጣልን ነበር። አበሻነቴን ገና ከሩቅ አይቶ በመኪናው መስኮት «ሰላም ነው ወንድሜ፣ ምሳ በልተሃል?» አለኝ። አልበላሁም ነበር። ከዚያ በኋላ እሱ በመጣ ቁጥር አብረን እንበላ ጀመር። እኔ ክርስቲያን እሱ ሙስሊም፤ የእኔን ሥጋ እሱ አይበላ፣ የእሱን እኔ አልበላ፤ ስለዚህ ምሳችን ምስር ነው፣ ሽሮ ነው፣ ሲያምረንም ዓሣ። ዓሣ ቢላ አያሻውም፣ የሁሉም ነው። «አንተ እኮ ከእኔ ጋር ዓመቱን ሙሉ ስትጾም ቀጥታ ጀነት ነህ» ይለኛል። «ሳትጠመቅ ሁዳዴ የያዝከውስ አንተ» እለዋለሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ በነዚያ ዓመታት ከሰው ጋር የበላሁት ምሳ ይኸው ብቻ ነበር፤ እራቴን ብቻዬን ነበር የምበላው።

መጋዘኑ ዕቃ ከሚልክላቸው ሱቆች አንዱ ሳን ሆዜ ነበር። የጥይቱን ክፍል የሚይዘው ሬይ የሚባል ሽማግሌ ሣጥን የማይደባለቅበት ሰው እፈልጋለሁ ብሎ ሲጠይቅ እኔን ላኩኝ። ሬይ በወጣትነቱ እዚያው ከተማ ውስጥ የኮክ ማሸጊያ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ቆርቆሮው ከዚያ የመጣ ነው። ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያስተማረኝም በመናገር አይደለም፣ እንዳይ በማድረግ ነው።

ገዢ ሲመጣ ሬይ ጠመንጃህ ምንድን ነው ብሎ አይጀምርም። ምን ልታድን ነው ብሎም አይጀምርም። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ተመትቶ ባይወድቅ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ነው። የሚያስብ ሰው ከሆነ ወንበር ይስብለታል። «እኔ የመታሁት ይወድቃል» ብሎ የሚስቅ ከሆነ ግን፣ ከጀርባው መደርደሪያው ሞልቶ እየታየ፣ «ዛሬ ዕቃ የለንም» ይለዋል። የሱቁ ባለቤት በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተቆጣው። ሬይ «እሺ» ይላል፣ በነጋታው ያንኑ ይደግማል።

ሌላው አመሉ ይኸው ቆርቆሮ ነው። ከሥጋ ውስጥ አረሩን ያገኘ ሁሉ እንዲያመጣለት ይለምናል። ሲመጣለት እንኳን ደስ አለህ አይልም፤ «ከተመታ በኋላ ምን ያህል ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በትንሿ ሚዛን ይመዝነዋል፣ በአውራ ጣቱ ያሸዋል፣ ለእኔ ያቀብለኛል። ዓይኔን ጨፍኜ እንዳሸው ያደርገኛል። እኔም ቀስ በቀስ አረር በጣቴ ማንበብ ቻልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ጥይት የሚለው ቀለሁንም ባሩዱንም አረሩንም አንድ ላይ ነው፤ በርሮ የሚሄደው ግን አረሩ ብቻ ነው፣ ሥራውም ያለው እሱ ጋ ነው። ኤልክ የሚሉት ትልቁ የአሜሪካ አጋዘን ሲያዩት አጋዘን ነው፣ ሲያርዱት ግን በሬ ነው። ትከሻው ወፍራም፣ አጥንቱ ድፍን ነው። ቀላልና ለስላሳ አረር ከወረወሩበት ትከሻው ላይ ይፈረካከሳል፤ ቁስሉ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ሥጋውም በእርሳስ ስባሪ ይበላሻል። በጣም ጠንካራ ከወረወሩበት ደግሞ እንደ ወስፌ ወግቶት በወዲያ በኩል ይወጣል፤ እንስሳው ቀዳዳ ይዞ ይሄዳል። ትክክለኛው አረር ገላ ሲነካ የሚከፈት፣ ተከፍቶም የማይበተን ነው። ሳንባውን አልፎ በወዲያኛው ቆዳ ሥር የሚገኘውን ሬይ ከሁሉ አብልጦ ይወደው ነበር። «ይኼ ያለውን ሁሉ እዚያው ሰጠ» ይላል።

አንድ ጊዜ ከጎረቤት ከተማ ከሳኒቬል አንድ መሐንዲስ ስሌት የሞላበት ወረቀት ይዞ መጣ። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ሰው አልወድም፣ ሊፈትነኝ የመጣ መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩበት። ሰውዬው ግን ልክ ነበር። ጠንካራ አረር የሚከፈተው በፍጥነቱ ነው፤ ርቀቱ ሲረዝም ፍጥነቱ ይደክማል፣ ያኔ ቅርብ ላይ ጎበዝ የነበረው ሩቅ ላይ ወስፌ ይሆናል ብሎ አስረዳኝ። አመሰገንኩት። ሰማሁት እንጂ ልብ አላልኩትም፣ በኋላ እንደታየው።

መስከረም ሲጠባ ሱቁ ይሞላል። ገዢዎቹ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይመጣሉ፤ ወንድማማች፣ አባትና ልጅ፣ የሥራ ጓደኛ። ድንኳን ማን ይይዛል፣ ማን ያበስላል እያሉ ጠረጴዛዬ ላይ ይከራከራሉ። እኔ አረራቸውን መርጬ እሰጣቸዋለሁ፣ ይሄዳሉ። ሰው ሁሉ ጥይቱን ከእኔ ገዝቶ ከሌላ ሰው ጋር ይሄዳል። ይኼ ነገር አልጎዳኝም ብል እዋሻለሁ።

ስለዚህ ሰይድ አንድ ቀን ጠመንጃ ገዝቼ የኦሪገን የኤልክ ፈቃድ አውጥቻለሁ፣ አብረን እንሂድ ሲለኝ እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ። አባቱ ወሎ ሚዳቋ ያድኑ እንደነበር ነገረኝ። መትተው ከጣሉ በኋላ በሩጫ ደርሰው በሕይወት ሳለ ያርዱት ነበር። ሰይድም የፈለገው ይኼንኑ ነው።

«ጌቱ፣ ስማኝ» አለኝ። «ፍሪዘር ሙሉ ሐላል ሥጋ ነው፣ ለፋሚሊው ሁሉ። ግን ሳልደርስበት ከሞተ በክት ነው፤ ልጆቼን በክት አላበላም። የሚጥለውን ግን የማይገድለውን ስጠኝ። ደርሼ ልረደው።»

ይኼ ለእኔ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም። እኔም በክት አልበላም፤ ያለ ቢላ የሞተ እንስሳ እንኳን ለወሎ ሙስሊም ለአዲስ አበባ ክርስቲያንም አይሆንም። ሥጋው አይደርሰኝም፣ አንገቱ አንድ ነው፣ የሚያርደው ሰይድ ነው። ይህን ተነጋግረን ስቀንበታል፤ ለእኔ ቀንዱ ይበቃኛል ብያለሁ። ለእኔ ጉዳዩ መሄዱ ነበር። አብሮኝ የሚበላ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱን ማስደሰት ፈለግሁ።

ሬይን አማከርኩት። ስለ በክት ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ፤ በትዕግሥት ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ።

«አረር ሁለት ሐሳብ አይይዝም» አለኝ። «ወይ ግደል፣ ወይ አትተኩስ።»

እኛም እኮ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንላለን። በዚያች ሰዓት ተረቱ በልቤ መጥቷል። ገፋሁት። ከባድና ቆዳው ወፍራም የሆነ አረር፣ ለትልልቅ ድብ የሚሠራውን፣ መረጥኩ። ትከሻውን ሰብሮ ያስቀምጠዋል፣ ሳንባውን ግን አይበትነውም፣ ሰይድ ለመድረስ ጊዜ ያገኛል ብዬ አሰብኩ። ያኔ እንዲህ ብዬ በልበ ሙሉነት ሣጥኑን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ምሥራቅ ኦሪገን ቀኑን ሙሉ ነድተን ደረስን። ሰይድ ተራራውን ሲያይ መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ እኔም ተከትዬው ወረድኩ። በማግስቱ ጠዋት ከሸለቆው ማዶ አንድ ወንድ ኤልክ ብቻውን ሲግጥ አየን። እኔ ሳስበው ከነበረው ርቀት በጣም ይርቅ ነበር። መጠጋት አልቻልንም፤ መሐሉ ገላጣ ነው። መሐንዲሱ ያለኝ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሰይድ ግን ጠመንጃውን ቦርሳው ላይ አስደግፎ «ቢስሚላህ» ብሎ ቃታውን ስቧል።

ኤልኩ ጀርባውን ትንሽ ጎበጥ አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ ወደ ዛፎቹ ገባ።

ደረስንበት ስንል ያገኘነው የደም ጠብታ ነው፤ እዚህ አንድ፣ ከብዙ ርቀት በኋላ ሌላ። አረሩ ትከሻውን ስቶ ወደ ኋላ ገብቶ፣ ሳይከፈት በወዲያ ወጥቷል። ሰይድ ቢላውን በእጁ እንደያዘ ነበር። ጸሐይ እስክትጠልቅ ፈለግነው። በማግስቱ ጠዋት ቁራዎች አሳዩን። ከወደቀ ግንድ ሥር ተኝቷል፣ ሞቷል። ሰይድ እጁን አንገቱ ላይ አደረገና ቶሎ መለሰው። ገላው ገና አልበረደም። ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት ነበር ማለት ነው፤ እኛ ድንኳን ውስጥ ተኝተን።

ሥጋውን አጠገባችን ለሰፈሩ አሜሪካውያን ሰጠናቸው። እነሱ በክት አያውቁም፤ አመስግነው ወሰዱ። ሲመለሱ እየበሉ እንደሚያወሩበት አሰብኩ። እኛ እስከ ሳክራሜንቶ ድረስ ነዳን። እዚያ ቤንዚን ስንሞላ መቻል አቃተኝና፣ የማይገድል ስጠኝ ያልከው አንተ ነህ አልኩት።

ሰይድ ቀና ብሎ አላየኝም። «እኔ ሹፌር ነኝ» አለ። «ስለ ጥይት የምታውቀው አንተ ነህ።»

እውነቱን ነው። የቤንዚኑን እኔ ከፈልኩ። ሳን ሆዜ ቤቴ በር ላይ አወረደኝ፣ ደህና ሁን ተባባልን። ስልክ መደወል ቀነሰ፣ ቀጥሎ ቆመ። እኔም አልደወልኩም። ኩራት አይደለም፣ ምን እንደምለው ስላጣሁ ነው።

ሬይ «ምን ያህል ሄደ?» አለኝ፣ እንደ ልማዱ። ነገርኩት። አልነገርኩህም ነበር አላለም። ከዚያው ዓይነት ሣጥን ያልተተኮሰ አንድ አረር አውጥቶ ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረው። በዚያ ሁሉ የተጣመመ መሐል ቀጥ ብሎ የቆመ እሱ ብቻ ነው። እስካሁን አለ፤ እጄን ስሰድ መጀመሪያ የሚነካኝ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ተመሳሳይ ናቸው። ሬይ ጉልበቱ ከድቶት ወጣ፣ ቆርቆሮውን ለእኔ ትቶ፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ቀብሩ ላይ የሱቁ ባለቤትና እኔ ጭምር ጥቂት ሰዎች ነበርን። ጠረጴዛው የእኔ ሆነ። «ተመትቶ ባይወድቅ ምን ታደርጋለህ?» እያልኩ በተሰበረ እንግሊዝኛዬ መጠየቅ ጀመርኩ፤ «ዕቃ የለንም» ማለቱንም ተማርኩ። ከዚያ ካሊፎርኒያ ለአደን እርሳስ ከለከለች። አሞራ የተጣለ ሥጋ በልቶ በእርሳሱ ይሞታል ተብሎ ነው። መደርደሪያችን በሙሉ መዳብ ሆነ። የድሮ ደንበኞች አጉረመረሙ፤ እኔም ሬይ ያስተማረኝን ሁሉ እንደገና ከዜሮ መማር ሊሆንብኝ ነው ብዬ ተበሳጨሁ። ድፍን መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፣ ስለዚህ ያው ክብደት ረዘም ይላል፤ ቀለል ያለውን መርጦ ፍጥነቱን መጠበቅ ነው የሚሻለው። ግን አይበተንም። ጫፉ እንደ ሙዝ ልጣጭ ወደ ኋላ ተገልብጦ፣ አንድም ስባሪ ሳይጥል ይሄዳል። ሬይ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። የማሳየው ሰው አልነበረኝም።

ምሳዬን ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሜ እበላ ነበር። ሥጋም መብላት ጀመርኩ፤ የሚከለክለኝ ጓደኛ የለማ። ምስሩ ግን ይሻል ነበር።

አንድ መስከረም ሰይድ በሩን ከፍቶ ገባ። ጢሙ ሸብቷል። ከኋላው ረዘም ያለች ልጅ አለች፤ የእሱ ልጅ ሀያት ናት፣ በሕፃንነቷ ነው የማውቃት። «ሃይ ጋሼ ጌቱ» አለችኝ፣ አማርኛዋ እዚያ ላይ አለቀ። ሰይድ ወንበር ስቤለት ተቀመጠ።

«ሸሁን ጠየቅኳቸው» አለኝ፣ ያ ሁሉ ዘመን በመሐል እንዳላለፈ። «ቃታውን ስትስብ ቢስሚላህ ካልክ፣ አረሩ ቢላህ ነው አሉኝ። ቢሞትም ሐላል ነው። ወላሂ፣ አንድ ኮል ነበር ያኔ የሚያስፈልገው። ለሸሁ አንድ ስልክ መደወል።»

እኔም ለመጠየቅ አላሰብኩም ነበር። ሁለታችንም የምናውቅ መስሎን ነበር።

«አሁን የሚጨርሰውን ስጠኝ» አለኝ።

«ተመትቶ ባይወድቅ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። ለሁሉም የምለው ነው።

«ያለፈውን ነው የማደርገው» አለ። «እስካገኘው አልመለስም።»

ስለ ጠመንጃው ጠየቅኩት፤ ያው የድሮው ነው። ምን ያህል ርቀት ላይ እርግጠኛ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ከዚያ አልፎ እንዳይተኩስ ነገርኩት። መዳቡን መረጥኩለት፣ ቀለል ያለውን። ሣጥኑን ስሰጠው እጄን ያዝ አድርጎ ለቀቀው። አብረን እንሂድ አላለኝም። እኔም ልምጣ አላልኩም። ከሀያት ጋር ነው የሄደው።

ሲመለስ ትልቅ ማቀዝቀዣ ሣጥን ተሸክሞ ገባ። አረሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ፤ የተገለበጡት የጫፉ ቅጠሎች አራቱም ተከፍተው ሙሉ ናቸው። መዘንኩት፣ ምንም አልጎደለም ማለት ይቻላል።

«ምን ያህል ሄደ?»

«የትም። ቆሞ ነበር፣ ተኛ።»

እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩበትም። ከዚያ ሰይድ ሁለት ጥቅል ሥጋ አወጣ። ሀያት ቴክሳስ ሥራ አግኝታለች፣ ቤት እዚያ ይረክሳል፣ መኪናውን ሸጦ ሊሄድ ነው። ፍሪዘሩን ባዶ ማድረግ አለበት። «እንደማትበላው አውቃለሁ» አለኝ። «ግን ላንተ ሳልሰጥ ብሄድ ይቆጨኛል። ለሚበላው ሰው ስጠው።» የሚበላው ሰው ማን እንደሆነ አልነገረኝም። ኦክላንድ ድረስ ሄጄ ሸኘሁት።

ሥጋው ፍሪዘሬ ውስጥ ቆየ። ለማንም አልሰጠሁትም። ጥይት ለመግዛት ሁሉ መታወቂያ መፈተሽ ሲጀመር ገዢ ሳሳ፤ የሱቁ ባለቤት ደከመው፣ ሱቁ ተዘጋ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ቤት መዋል ሳልለምድ፣ ጾም ባልሆነ በአንድ ቀን አንዱን ጥቅል አውጥቼ በረዶውን አቀለጥኩ። ንስሐ አባቴን አልጠየቅኩም፣ እንቢ እንዳይሉኝ። ከመክተፌ በፊት በለመደ ጣቴ ሥጋውን ሁሉ ዳበስኩ፣ ስባሪ ብፈልግ ብፈልግ አንድም አጣሁ። በሥራ ዘመኔ በትክክል የመረጥኩት አረር ይኸው ነው ብዬ አሰብኩ። ጠበስኩት፣ አማተብኩ፣ በላሁ።

ከዚያ ሰይድ ጋ ደወልኩ። ሥጋህን በላሁ አልኩት።

«ከማን ጋር?» አለኝ።

«ብቻዬን።»

«እንግዲያማ አልበላኸውም» አለኝ። «ሌላውን ጥቅል እንዳትነካው። እመጣለሁ።»

ጥቅሉ ፍሪዘሬ ውስጥ አለ። አልነካሁትም። ሰይድ በደወለ ቁጥር አለ ወይ ይለኛል፤ አለ እለዋለሁ። እስካሁን አልመጣም።